ሁለት ኮምፒውተር ያለበት ቤት

በየዘመዱ መካከል አንድ «ኮምፒውተር የሚያውቅ» ሰው አይጠፋም። ማዕረጉን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን አጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ጎትቶ ያወጣ፣ ወይም አልጻፍ ያለውን የአማርኛ ፊደል መልሶ ያጻፈ ሰው፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዘመድ አዝማዱ ኮምፒውተር ሁሉ ኃላፊ ይሆናል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፣ ጡረታም የለውም፤ ቡና ግን አለው። በእኛ ቤተሰብ ይህ ሹመት የደረሰው ለእኔ ነው።

በዚህ ሥልጣን ላይ ቆይቼ የተረዳሁት ነገር ቢኖር አንድ ኮምፒውተር ያለበት ቤት ሰላም መሆኑን ነው። ከሠራ ሠራ፤ እምቢ ካለ ይጠፋና ይበራል፤ ካልሆነም ዳንቴሉን መልሶ ይለብሳል። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛው ሲገባ ነው። ያን ጊዜ «ከዚያኛው ወደዚህኛው አሳልፍልኝ» የምትባል ጥያቄ ትወለዳለች። አጭር ናት። ጠያቂውም ቡናው ሳይፈላ የምታልቅ ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ማሽኖች ናቸው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ጋር ሲጻጻፉ ይውላሉ። እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም።

የታላቅ እህቴን የእታለምን ቤት ልውሰድ። ሳሎኗ ውስጥ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ዴስክቶፕ አለ። ማይክሮሶፍት እንኳ ከ2012 ዓ.ም. ጥር ወዲህ ጥገናውን አቁሞለታል፤ እታለም ግን አላቆመችለትም፣ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርግለታለች። ሆዱ ውስጥ የልጇ ሰርግ አለ። ሰርግ ስል ሰርጉን ብቻ አይደለም፤ ሽምግልናው፣ ጥሎሹ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ መናፈሻ ውስጥ ዛፍ ተደግፈው የተነሱት ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ ወደ 60 ጊጋባይት ይሆናል። ቪዲዮ አንሺው መቁረጥ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሙሽሮቹ መኪና የትራፊክ መብራት ሲጠብቅ እንኳ ከነሙሉ ክብሩ ተቀርጿል። ሙሽራዋ አሁን ሜሪላንድ ናት። ለእናቷ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት አዲስ ላፕቶፕ ላከች። በዚያው ሰሞን የዴስክቶፑ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ይህን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኑዛዜ ነው።

«በፍላሽ አይሻልም?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለፍላሽ እኔም ክብር አለኝ፤ ከተማችን በየፊልም ቤቱ በጊጋ እያስጫነች ስንት ተከታታይ ድራማ ጨርሳለች። ፋይል በእጅ ተይዞ ሲሄድ በሽቦ የተላከውን የሚቀድምበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አካባቢ፣ ዊንስተን የተባለ የመልእክት ርግብ 4 ጊጋባይት የያዘ ካርድ ታስሮለት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው በረረ። ርግቡ ደርሶ፣ ካርዱ ተፈትቶ፣ ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ እስኪያልቅ ድረስ በኢንተርኔት የተላከው ያው ፋይል የደረሰው 4 በመቶው ብቻ ነበር። ድንቅ ርግብ ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ጭነቱ 4 ጊጋ ነበር። የእታለም ዋናው የሰርግ ቪዲዮ አንዱ ፋይል ብቻውን 7 ጊጋ ነው። አብዛኛው ፍላሽ ተዘጋጅቶ የሚመጣበት ፋት 32 የተባለው አሠራር ደግሞ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቢሆንም አይቀበልም።

«32 ጊጋ ነው ብሎ ሸጦልኝ 7 ጊጋ አይችልም?» አለች እታለም፣ ሻጩ አጠገቧ የቆመ ይመስል።

ይችላል፤ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ተብሎ ፎርማት ከተደረገ። ግን ፍላሹ ላይ መዝሙሮቿ አሉ፤ እነሱ አይነኩም። ከዚያም በላይ ያ ፍላሽ የሰፈሩን ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ሁሉ የዞረ፣ ፎልደር ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚተክል ቫይረስ እንግዳ የማይሆንበት ፍላሽ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ውስጥ ልሰካው አልደፈርኩም። ስለዚህ በኔትወርክ እንዲሆን ተወሰነ።

የጎረቤት ልጅ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት። የኮምፒውተር ችግር በግድግዳ አልፎ ይሸተዋል መሰለኝ፣ ሳይጠራ ነው የሚገኘው። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ፎርማት ቢደረግ ይሻላል» አለ። በአገራችን ለማንኛውም የኮምፒውተር ደዌ የሚታዘዘው የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው። ድምፅ አልሰማ ቢል ፎርማት፣ ማውዝ ቢደርቅ ፎርማት። የሰርጉን ቪዲዮ ለማዳን መጀመሪያ የሰርጉን ቪዲዮ ማጥፋት እንደሚያስፈልግ ሲገባው ግን ሐሳቡን አነሳ።

መጀመሪያ አድራሻቸውን ጠየቅኋቸው። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አይፒኮንፊግ ብሎ መጻፍ ነው። ዴስክቶፑ 192.168.1.7 ነኝ አለ። ጥሩ፤ በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለቤትና ለመሥሪያ ቤት ውስጥ ብቻ እንዲያገለግሉ የተተዉ ናቸው፣ በዓለም ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው ቤት ይጋራቸዋል። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለው አጥቶ ለራሱ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነበር፤ ያኔ ጥርጣሬው ወደ ኬብሉ ወይም ወደ ራውተሩ ይዞራል። ላፕቶፑ ግን 192.168.2.15 አለ። ሦስተኛዋ ቁጥር ተለያየች። አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው በሁለት ኔትወርክ ነው የሚኖሩት።

«ኢንተርኔት እኮ አለው! ዩቲዩብ ይከፍታል» አለች እታለም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት መኖሩ ሁለቱ ማሽኖች እያንዳንዳቸው ከራውተሩ ጋር መስማማታቸውን ብቻ ነው የሚናገረው። ላፕቶፑ የገባበትን ዋይፋይ ሳየው የእንግዳው ነው። የጎረቤት ልጅ ራውተሩን ሲያስተካክል ሁለት ስም አውጥቶለት ነበር፤ አንዱ የቤቱ፣ ሌላው ለእንግዳ። የእንግዳው የተሠራው እንግዳ ኢንተርኔት እንዲያገኝ እንጂ ቤት ውስጥ ያለውን እንዲያይ አይደለም። እታለም ላፕቶፑን እዚያ ያስገባችው ፓስወርዱ አጭር ስለሆነ ነው። ወደ ቤቱ ዋይፋይ አዛወርኩት፤ 192.168.1.9 ሆነ። ተመስገን።

ቀጥሎ ፒንግ። ይህችን ትንሽ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፋት ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ያስቸገረውን ኔትወርክ ለመመርመር ብሎ። እስካሁን የተሻላት የለም። ሥራዋ አንድ ነው፤ «አለህ?» ብላ ትጠይቃለች፣ «አለሁ» የሚለው እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ትለካለች። መልስ ሲጠፋ ግን የአጠፋፉ ዓይነት አለው። ራሷ ኮምፒውተሯ «ወደዚያ መድረስ አልተቻለም» ካለች በዚያ አድራሻ የሚሰማ ሰው የለም፤ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን ተመልከቱ። «ጊዜው አለቀ» ብቻ ካለች ግን ምናልባት ወዲያኛው ሰምቷል፤ ሰምቶ ዝም ብሏል። ለእኛ የደረሰን ሁለተኛው ነው። ሰምቶ ዝም የሚለው ፋየርዎል ነው።

የጎረቤት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ፋየርዎሉን ያጥፉት» አለ። ማጥፋቱን እቃወማለሁ። ለሙከራ ያጠፋው ሰው መልሶ ሲያበራው አይቼ አላውቅም፤ ፋይሉ ካለፈ በኋላ ማን ያስታውሰዋል? ደግሞም አስፈላጊ አይደለም። ዊንዶውስ አንድን ኔትወርክ መጀመሪያ ሲያገኝ የግል ነው ወይስ የሕዝብ ብሎ ይመድበዋል። ዊንዶውስ 7 ይህን በሥዕል ነበር የሚጠይቀው፤ ለቤት ቤት፣ ለሥራ ሕንፃ፣ ለሕዝብ ደግሞ የመናፈሻ አግዳሚ ወንበር። ዊንዶውስ 11 ብዙም ሳይጠይቅ የሕዝብ ይለዋል። እናም የእታለም ሳሎን፣ ከነመጋረጃውና ከነቡፌው፣ በላፕቶፑ ዓይን አውቶቡስ ተራ ነው። ዴስክቶፑም ላይ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው አግዳሚ ወንበሩን መርጦ ሄዷል። በሁለቱም ላይ የቤት፣ የግል ብዬ ለወጥኩ፤ የፋይል ማጋራቱን አበራሁ። ፒንግ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች መለሰች። እታለም የአንድ ሰከንድ ሺህኛ ምን ያህል እንደሆነች ስነግራት፣ «ታዲያ ምን ያስቸኩላታል፣ እኛ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠናል» አለች።

ኔትወርክ የሚለውን መስኮት ከፈትኩ። ባዶ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሃርድ ዲስኩን ለመፍታት መፍቻ ይፈልጋል። ባዶነቱ ግን ምንም ማለት አይደለም፤ ያ ዝርዝር ማሽኖቹ ስማቸውን እየጠሩ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ብቻ የሚሞላ ነው፣ ሳያስተዋውቁም ይኖራሉ። ከላይ ባለው መጻፊያ ላይ ወደ ኋላ የተጋደሙ ሁለት ሰረዞችን አስቀድማችሁ አድራሻውን በቁጥር ጻፉ፤ በስም ያልተገኘው በቁጥር ይገኛል። ተገኘ። የስምና የፓስወርድ መጠየቂያ መጣ።

የቀኑ ግማሽ የሄደው እዚህች መጠየቂያ ፊት ነው። ዴስክቶፑ ፓስወርድ የለውም፤ ሲበራ በቀጥታ ይከፈታል። ስለዚህ ባዶውን አስገባሁ። አይሆንም አለ። ዊንዶውስ ፓስወርድ የሌለውን ሰው ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ ያስገባዋል፣ በኔትወርክ ሲመጣ ግን አያስገባውም። በአሮጌው ላይ «ፓስወርድ አትጠይቅ» የሚለውን ብመርጥስ? ያን ጊዜ ገቢው ሁሉ ስም አልባ ይሆናል፤ አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ብዙዎቹ ደግሞ ስም አልባ ሆነው ሰው ቤት አይገቡም። አንደኛው ያለ ፓስወርድ አላስገባም ሲል ሌላኛው ያለ ፓስወርድ አልገባም ይላል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ የአንድ ድርጅት ልጆች ግን እንዲህ ናቸው።

በተቃራኒው እንሞክር፣ ዴስክቶፑ ወደ ላፕቶፑ ይግባ ተባለ። ላፕቶፑም ፓስወርድ ጠየቀ። እታለም በኩራት አራት ቁጥሯን ነገረችኝ። እሱ ግን ፒን ነው፤ ፒን የሚሠራው እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ በኔትወርክ አይታወቅም። እውነተኛው ፓስወርድ ላፕቶፑን ስታዘጋጅ ልጇ የፈጠረችው ነው። በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሜሪላንድ ደግሞ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ተደወለላት። ሥራ ላይ ናት።

«እማዬ፣ ደኅና ናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም፤ ፓስወርድ ነው።»

ዝምታ። ከዚያ «የኔንም አላስታውሰውም፤ እኔም በፒን ነው የምከፍተው» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ምጥ መድረስ፣ ስለ በርበሬ ማለቅ፣ ስለ አንዲት የሩቅ ዘመድ መታጨት ረጅም ውይይት ተደረገ፤ እኔ በዚህ መሀል ዴስክቶፑ ላይ ለፋይል ብቻ የሚሆን አዲስ ተጠቃሚ ከነፓስወርዱ ፈጠርኩ። መፍትሔው ይኸው ነበር። ባዶ ፓስወርድና ስም አልባ መግቢያ ላይ ከመታገል አንድ ስም ማውጣት ይቀላል።

አሁንም አልገባም። «መግባት አልተፈቀደልህም» አለ። ይህን እንኳ በግቢ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ የተጋራ ፎልደር እንደ ቤታችን ሁለት በር አለው፣ የግቢው በርና የቤቱ በር። ሼር የሚለው ላይ መፍቀድ የግቢውን መክፈት ነው፤ ሴኪዩሪቲ የሚለው ላይ ካልተፈቀደ ሰውየው ግቢ ገብቶ በረንዳ ላይ ይቆማል። ከሁለቱ የጠበቀው ነው የሚገዛው። ሁለቱንም «ለሁሉም ሰው» ብዬ ከፈትኩ፣ ለማንበብ ብቻ።

በመሀል የጎረቤት ልጅ ከስልኩ አንድ ምክር አነበበልኝ፤ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አብራ ይላል። እጁን ያዝኩት። ኤስኤምቢ ማለት እነዚህ ማሽኖች ፋይል ሲቀባበሉ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሪ ፋይገንባም የተባለ የአይቢኤም ባለሙያ የጀመረው። የተጀመረው ኔትወርክ ማለት አንድ ቢሮ ውስጥ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች በነበሩበት ዘመን ነው፤ ማንም ማንንም አይጠረጥርም ነበር። ዋጋው በግንቦት 2009 ዓ.ም. ተከፈለ። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያው በአሮጌው እትም፣ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ በ150 አገሮች ተዳረሰ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ቀዳዳውን መጀመሪያ ያገኘው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነበር፤ ለራሱ ይዞት ቆይቶ ተሰረቀበት። መድፈኛው ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ እንደነበር ደግሞ አትርሱ፤ ያልጫነው ነው የተጎዳው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዊንዶውስ ያን አሮጌ እትም በአብዛኛው ሳይዝ ይመጣል። ዊንዶውስ 7 ከተወለደ ጀምሮ አዲሱን እትም ይናገራል፤ አሮጌው የሚያስፈልገው እንደ ኤክስፒ ያለ ያረጀ ነገር ላላችሁ ብቻ ነው። ኤክስፒ ላላችሁ ሌላ ቀን እናለቅሳለን።

እንግዲህ ሰው በእነዚህ ማሽኖች ጥርጣሬ ይናደዳል፤ እኔ ግን ለማሽኖቹ እፈርዳለሁ። ያመኑ ጊዜ የሆኑትን አይተዋል። የምፈርድባቸው በአነጋገራቸው ነው። ያመማቸውንና የሚናገሩትን የሚያገናኝ ነገር የለም። ፓስወርድ ሲያጡ «መንገዱ አልተገኘም» ይላሉ፤ መንገዱ ሲዘጋ ፓስወርድ ይጠይቃሉ። ዜሮ ኤክስ 80004005 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደንግጣችሁ ትርጉሙን አትፈልጉ፤ እኔ ፈልጌዋለሁ። ትርጉሙ «ያልተገለጸ ስሕተት» ነው። አለማወቅን ስምንት አሃዝ ሰጥቶ መመዝገብ ከአንድ ቀበሌ ሠራተኛ በቀር ማን ያስበዋል?

ፎልደሩ ተከፈተ። ሙሽራዋ በትንንሽ ካሬ ካሬ ተደርድራ ታየች። እልል ተባለ፤ ሁለተኛ ሰርግ ሆነ። ኮፒ ብዬ ጀመርኩ።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ አልልም። ላፕቶፑ በዋይፋይ፣ ዴስክቶፑ በኬብል ነበሩ፤ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ቆመ። ይህ ቁጥር ራሱ ምልክት ነው። ኬብል የሚለካው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ 100ን ለ8 ስታካፍሉ 12 ተኩል ይመጣል፣ ከመንገድ ላይ ወጪው ሲቀነስ 11። ማለትም ኬብሉ በ100 ነው የሚሠራው፣ በ1000 አይደለም። አንድ ጊጋቢት ስምንቱንም የኬብሉን ቀጫጭን ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ግን አራት ይበቁታል። የሶፋ እግር የቆመበት ኬብል ከቀሩት አራቱ አንዱ ቢቆረጥ ሳይናገር ወደ 100 ይወርዳል። ሶፋው ተነሳ፤ ኬብሉ እንደ ላስቲክ ተጨፍልቋል። ሌላ ኬብል የለም፤ በ11 ይሁን። አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ማሽኑ ግን «5 ደቂቃ ቀረ» አለ፣ ቀጥሎ «3 ሰዓት»፣ ከዚያ «40 ደቂቃ»፤ እንደ ታክሲ ረዳት «አንድ ሰው ብቻ» እያለ።

ግማሽ ላይ መብራት ሄደ።

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ዴስክቶፑና ራውተሩ የላቸውም። ተራ ኮፒ እንዲህ ሲቋረጥ ምን እንዳለፈ ምን እንደቀረ አይነግራችሁም፣ እንደገና ስትጀምሩ «ይተካ? ይዘለል?» እያለ ያደርቃችኋል። መብራቱ ሲመለስ ሮቦኮፒን ተጠቀምኩ። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ መስኮት የሌለው፣ መልኩ የማያምር መሣሪያ ነው። ያለፈውን ይተዋል፤ ዜድ የሚለውን ፊደል ከጨመራችሁለት አንዱ ትልቅ ፋይል መሀል ላይ ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል። መብራት ለሚሄድበት አገር የተሠራ ይመስለኛል። ላፕቶፑ መሀል ላይ እንዳያንቀላፋም እንቅልፉን ከለከልኩት፤ እኔና እታለም ግን በየተራ አንቀላፋን።

አለቀ። 7 ጊጋው ቪዲዮ ላፕቶፑ ላይ ተከፈተ፤ ሙሽሮቹ ትራፊክ መብራት ላይ ቆመዋል። እኔ ወደ ዴስክቶፑ ተመለስኩ፤ «ለሁሉም ሰው» ብዬ የከፈትኩትን መዝጋት ነበረብኝ። ሥራው ካለቀ በኋላ ይህን የሚያስታውስ የለም፤ ፎልደሩ እንደተከፈተ ዓመት ይቀመጣል።

«ምን ታደርጋለህ ደግሞ? አልቋል አልክ አይደል?» አለች።

«ልዘጋው ነው። የቤቱ ዋይፋይ ውስጥ የገባ ሰው በዚያ መንገድ ፎልደሩን ለማየት ሊሞክር ይችላል። ለመሆኑ የቤቱን ፓስወርድ ለማን ሰጥተሻል?»

አሰበች። «ለማንም አልሰጠሁም። ለነዚህ ለግቢው ሰዎች ብቻ። ፊት ለፊት ላሉትም። ለሱቁ ልጅም።»

«የእንግዳውን አትሰጫቸውም ነበር? ለዚህ እኮ ነው የተሠራው።»

«ጎረቤት እንግዳ ነው እንዴ?»

«እታለም፣ ቪዲዮውን ቢያዩትስ?»

ሲኒዎቹን ከረከቦቱ ላይ እየሰበሰበች ቀና ብላ አየችኝ።

«ቢያዩትስ? ሰርጉ ላይ ነበሩ እኮ።»